እጅ ያልነካው እግር

ኖላዊት ደረበ ጣና ላይ እምቦጭ አጫጅ ነበረች። በ2080ዎቹ እምቦጭ የሐይቁ ጠላት መሆኑ ቀርቶ የከተማው ሰብል ሆኗል፤ የባሕር ዳር አውቶቡሶች የሚሄዱት ከእሱ በሚወጣው ጋዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ማጨጃ ጀልባዎቹ ከወደቡ ተግተልትለው ይወጣሉ፤ ጭነታቸውን ከምረው ይመለሳሉ። ኖላዊት ከታላቅ ወንድሟ ከያፌት ጋር የምትሠራባት ጀልባ ስትመለስ አንደኛ ካልሆነች ሁለተኛ ነበረች። ሥራው እሽቅድምድም አይደለም፤ ቀድሞ ለገባም የሚጨመርለት ነገር የለም። እሷ ግን ጀልባዋ ውኃውን ሰንጥቃ ስትበር ደስ ስለሚላት ብቻ ታስከንፋታለች። ያፌት ከኋላ ጠርዙን ጨብጦ ቀስ በይ እያለ ይጮኻል፤ እሷ ትስቃለች።

አደጋው የደረሰው ግን ስትከንፍ አልነበረም። በኅዳር አንድ ጠዋት ጀልባዋን አቁማ፣ ገመድ ልታስር አንድ እግሯን ወደ ወደቡ ባሻገረችበት ቅጽበት ነፋስ ተነሣ። ጭነት የሞላችው ጀልባ ተገፍታ ቀኝ እግሯን ከኮንክሪቱ ጋር አጣበቀችው። ያፌት ውኃው ውስጥ ዘሎ ጀልባዋን በትከሻው ገፍቶ አላቀቃት። ቅልጥሟ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

አዝሎ በአቅራቢያቸው ወዳለው የሕክምና ማዕከል ወሰዳት። በዚያ ዘመን ሕክምና ማለት ንክኪ አልባ ሕክምና ነው። ከትልቁ ወረርሽኝ በኋላ የወጣው ሕግ፣ ወረርሽኙ ከጠፋ አንድ ትውልድ ቢያልፍም፣ ርካሽና ፈጣን ሆኖ ስለተገኘ ሳይሻር ቀርቷል። ታማሚ በሩ ላይ እጁን ይዘረጋል፤ በሩ አንባር ያጠልቅለታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሰውዬው የሚናገረው አንባሩ ነው። ኖላዊትን በሕይወቷ ሐኪም ነክቷት አያውቅም። የምታውቀውን ሰው ሁሉ ሐኪም ነክቶት አያውቅም። ይህ የሚገርም ነገር መሆኑ የገባት ኋላ ነው።

ከጣሪያው የወረዱ የብረት ክንዶች አጥንቱን አቀኑት፤ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ ረጩበት፤ ጀሶው ወዲያው ደረቀ። ግድግዳው ላይ ባለው መስታወት አንድ ሐኪም ብቅ ብሎ በስሟ ሰላም አላት፤ ስብራቱ በሚገባ መጠገኑን ነገራት፤ እግዜር ይማርሽ ብሎ ጠፋ። ሐኪሙ የትኛው ከተማ ሆኖ እንደሚያናግር ማንም አይጠይቅም። ወደ ማረፊያ ክፍል ገባች። ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ አንባሩ የሚያነበው ቁጥር በርቷል፦ ሦስት፣ «ቀላል ምቾት ማጣት»።

እኩለ ቀን ላይ ሌላ ሕመም መጣ። የስብራቱን ሕመም ለምዳው ነበር፤ ይሄኛው ግን እሱን አይመስልም። ባቷ ከውስጥ እየተወጠረ ጀሶውን የሚገፋ መሰላት።

«ያፌት፣ እግሬ ውስጥ ሌላ እግር እያበጠ ነው» አለችው።

ያፌት አስተናጋጇን ጠራ። ሊዲያ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ሥራዋ ውኃ ማቅረብ፣ ብርድ ልብስ ማልበስና ግድግዳው ላይ የሚወጣውን ማስረዳት ነው። ታማሚ ለመንካት ከአልጋው ራስጌ ያለው መብራት አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ማዕከሉ አይቶ ይመልሳል። ሊዲያ ጠየቀች። መብራቱ ቀይ እንደሆነ ቀረ። በምትኩ አንባሩ ኖላዊትን በቀስታ ወጋትና ማረጋጊያ ሰጣት። ቁጥሩ ወደ ሁለት ወረደ።

ኖላዊት ብሶብኛል አለች። አንባሩ ይህን «ጭንቀት» ብሎ መዘገበውና ማረጋጊያውን ጨመረ። ምላሷ ከበዳት፤ ዓይኗ ተከደነ፤ ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። መድኃኒቱ የወሰደው ድምፅዋን እንጂ ሕመሙን አልነበረም። ውስጧ ሆኖ እንደ እሳት የሚለበልባትን ነገር አፏ ሊያወጣው አልቻለም። ያፌት ግድግዳውን በጡጫ ደበደበ። ግድግዳው በትሕትና ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ጠየቀው፤ ሁለተኛ ሲደበድብ በሩ ተከፍቶ ሁለት ጥበቃዎች ወደ ውጭ መሩት።

ከሰዓት በኋላ የእግሯ ጣቶች አልሰማ አሏት። ቁጥሩ አንድ ሆነ፤ ግድግዳው አረንጓዴ ለበሰና ስለ ማገገሟ እንኳን ደስ ያለሽ አላት።

አንድ ሰው ያገኛት በአጋጣሚ ነው። ዶክተር አቤኔዘር በማዕከሉ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ የሰው እጅ የሰው ገላ እንዲነካ የሚፈቀድበት ብቸኛ ክፍል እሱ ነው። ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲወጣ በተከፈተው በር የኖላዊትን ጣቶች አየ። ቀለማቸው የሕያው ሰው ጣት ቀለም አልነበረም። ቦርሳውን ወለሉ ላይ ጥሎ አልጋዋን ራሱ እየገፋ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሮጠ። ጀሶውን ቆርጦ፣ ባቷን ከላይ እስከ ታች ከፈተው። ጡንቻው ገርጥቶ ነበር። የቻለውን አተረፈ። እግሯ ተረፈ፤ ቁርጭምጭሚቷን ቀና የሚያደርገው ጡንቻ ግን ሞቷል። ከዚያ ቀን በኋላ ስትራመድ የእግሯ ጫፍ ወደ መሬት ይንጠለጠላል። የጀልባ መንጃ ፈቃዷ በራሱ ጊዜ ተሰረዘ።

ከማዕከሉ የወጣችበት ዕለት መውጫው ላይ የካሳ መስኮቱ በስሟ ጠራት። በዚያ ዘመን ካሳ ለማግኘት መክሰስ አያስፈልግም፤ መስኮቱ አስቀድሞ አስቦ ይጠብቃል። ለስላሳ ድምፅ ስለደረሰባት ምቾት ማጣት አዘነላትና እጇን መስታወቱ ላይ እንድታሳርፍ ጠየቃት። እጅን ማሳረፍ «ጥፋት አልነበረም» ብሎ መስማማት ነው። ሁሉም ሰው ያሳርፋል። ኖላዊት ያንን ዐረፍተ ነገር ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። አይቻልም ተባለች። ጥፋት ካልነበረ ካሳው ለምን እንደሆነ ጠየቀች። መስኮቱ ጥያቄው እንዳልገባው ገለጸና ያንኑ ደገመ። በክራንቿ ዞራ ወጣች።

ያፌት ተቆጣ። ከሳምንት በላይ በዚህ ተጨቃጨቁ። እሱ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ የቆመ ሥራ አለ፤ ሌላ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፤ መስኮቱ የሚሰጠውን ተቀበይና ተገላገይ። እሷም የምትመልሰው አንድ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ያመኛል ብዬ ማንም አልሰማኝም፤ አሁን ደግሞ አላመመኝም ብዬ ልፈርም? ያፌት መቆጣቱን አላቆመም።

ጠበቃ ፍለጋ ስትዞር ሰዎች ወደ ወይዘሮ ብሌን አስማረ ላኳት። ብሌን ፀጉራቸው የነጣ፣ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ክርክር ሁሉ በመስኮቱ ስለሚያልቅ ከሰው ዳኛ ፊት ከቆሙ ዘመናት አልፈዋል። ኖላዊት ታሪኳን ስትጨርስ ከወንበራቸው ብድግ ብለው በክፍሉ ውስጥ መንጎራደድ ጀመሩ። ሕጉ አልተሻረም አሏት፤ ሰው ሁሉ ተረስቶት እንጂ። ማንም ሰው ከፈለገ በሰው ፊት የመሰማት መብት አለው። የሰው ችሎት የመረጠ ግን መስኮቱ ለዘለዓለም ይዘጋበታል፤ ከተረታ ምንም አያገኝም፤ ሁለተኛ መጠየቅም አይችልም። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ዓይናቸው ያበራ ነበር።

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ፣ የኔ ልጅ?» አሏት።

ኖላዊት ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ እንደ ድሮው ሲመታ ተሰማት፤ ከወደቡ ወጥታ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ስትለቀው እንደሚመታው። እሺ አለች።

ወሬው ባሕር ዳርን አዳረሰ። የሰው ችሎት ሊቀመጥ ነው። አሮጌው የፍርድ ቤት አዳራሽ የስፖርት መለማመጃ ሆኖ ነበር፤ መረቡ ወረደ፤ የዳኞቹ መቀመጫ ከመጋዘን ወጥቶ ተወለወለ። ሦስት የሰው ዳኞች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተሰማ። በዕለቱ ሰዉ ሰርግ የሚሄድ ይመስል ለብሶ ከማለዳ ተሰለፈ። አጫጆቹ ጀልባ አቁመው በሥራ ልብሳቸው መጡ። ቦታ ያጣው ወደቡ ላይና አደባባዩ ላይ በተሰቀሉት ስክሪኖች ፊት ቆመ። ኖላዊት በሕዝቡ መሀል ስታልፍ የማታውቃቸው ሰዎች አይዞሽ እያሉ ትከሻዋን ይነኩ ነበር። ያፌት ከጎኗ ነው፤ እንደተቆጣ ነው፤ ግን ክንዷን አጥብቆ ይዟል።

ማዕከሉን የወከሉት አቶ ሮቤል የሚባሉ ጠበቃ ነበሩ። ሰዉ ክፉ ሰው ጠብቆ ነበር፤ ሮቤል ግን ጨዋና አስተዋይ ሆነው ተገኙ። በኖላዊት ላይ ለደረሰው ከልብ አዘኑ። ከዚያ ቀድሞ የነበረውን አስታወሱ፦ አንባሩ ከመምጣቱ በፊት ሐኪም የሚያምነው የሚያውቀውን ሰው፣ የሚመስለውን ሰው፣ ደህና ለብሶ የመጣውን ሰው ነበር። ድሃው ያመኛል ሲል ያስመስላል ይባል ነበር፤ ሴቷ አሞኛል ስትል ትቀብጣለች ትባል ነበር። አንባሩ ይህን አድልዎ አስቀረ፤ ፊት አያይም፤ የሚያነበው ደምና ላብ ነው። ያን ቀን አንባሩ ያነበበው ከሦስት በላይ አልሄደም። እንግዲህ ማዕከሉ ሊያውቀው ያልቻለውን ነገር እንዴት ቸል አለ ይባላል? ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ የሚያስታውሱት ነገር ነበርና። ኖላዊት ወደ ብሌን ዞረች።

ብሌን ዶክተር አቤኔዘርን ጠሩ። ሐኪሙ ለሚከፍለው ማዕከል ሳይሆን ለታማሚዋ ሲቆም ሰዉ አጉረመረመ። ሕመሙን በቀላል ቋንቋ አስረዳ። ባት ውስጥ ያለው ጡንቻ በማይለጠጥ ሽፋን የታሸገ ነው፤ ከጉዳት በኋላ ሲያብጥ የሚሄድበት የለውም፤ ግፊቱ ደሙን ያቋርጠዋል፤ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ሐኪሞች ኮምፓርትመንት ሲንድረም ይሉታል። ቶሎ ከተከፈተ ሰው ድኖ ይሄዳል። ቀድሞ የሚናገረው ምልክት ከጉዳቱ መጠን በላይ የሆነ ሕመም ነው። ብሌን ይህ እንዴት እንደሚታወቅ ጠየቁት።

«በእጅ» አለ አቤኔዘር። «ባቱን ስትነካው እንደ እንጨት ይጠነክራል። ጣቶቹን ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ስትስብ ሰውዬው መቋቋም አይችልም። አልነኳትም እንጂ ከነኳት ይታወቅ ነበር።»

ሮቤል ተነሥተው እጅ ሊሳሳት እንደሚችል፣ አንባሩ ግን በሚሊዮኖች ላይ ተፈትኖ እንዳለፈ ተናገሩ። አቤኔዘር ዳኞቹን ፈቃድ ጠየቀ። የመሀል ዳኛዋ ወይዘሮ አርሴማ ለመናገር የማይቸኩሉ ሴት ነበሩ፤ ከግራ ቀኛቸው ጋር ተንሾካሽከው ፈቀዱ።

አቤኔዘር ሱሪውን ሰበሰበ፤ በአየር የሚነፋ መጠቅለያ ጭኑ ላይ አሰረ፤ የማዕከሉን አንባር እጁ ላይ አጠለቀና ቁጥሩ በትልቁ ስክሪን እንዲታይ አደረገ። መጠቅለያው ተነፍቶ ደሙን ያዘ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አንባሩ በቀስታ ወጋው። ቁጥሩ ቆመ፤ መውረድ ጀመረ። ስክሪኑ ሁለት አለ። የሐኪሙ ፊት ግን ይታያል፤ ከንፈሩን ነክሷል፤ የወንበሩን ክንድ አንቆ ይዟል።

ዳኛ አርሴማ ደህና እንደሆነ ጠየቁት።

«ከቅድሙ ብሶብኛል፣ ክብርት ዳኛ» አለ። ቃላቱ ከአፉ እየተጎተቱ ወጡ። «መናገር ግን… ከበደኝ።»

ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ አንድ አለ፤ እንኳን ደስ ያለህ ሲል አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ከመቀመጫው ተነሣ፤ ከውጭም ከአደባባዩ የጩኸት ማዕበል መጣ። መጠቅለያውን ሮጦ የፈታው ያፌት ነው። ኖላዊት አላለቀሰችም። እውነት እንደተናገረች ሁልጊዜም ታውቅ ነበር፤ አሁን ግን ከተማው በሙሉ እያየው ነው።

ሮቤል ላባቸውን ጠርገው ሥርዓት እንዲከበር ከጠበቁ በኋላ አንድ ጠንካራ ነገር ተናገሩ። እሺ፣ አንባሩ አሳስቷል እንበል አሉ። ቢሆንም የተሳሳተን መሣሪያ ማመን ቸልተኝነት አይደለም፤ ያን ቀን በማዕከሉ ውስጥ ነገሩን የተጠራጠረ ሰው ነበር ወይ? ማንም ካልተጠራጠረ ማንም ቸል አላለም።

ብሌን ወደ ኋላ ዞሩ። በሩ አጠገብ ሊዲያ ቆማለች። ልትመሰክር እንደምትመጣ ቃል አልሰጠችም ነበር፤ ከመጣች ሥራዋ እንደሚያከትም ታውቃለች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ቃለ መሐላ ስትፈጽም ድምፅዋ አይሰማም ነበርና ዳኛዋ ጮክ እንድትል ለመኗት።

ሊዲያ የሕክምና ዕውቀት እንደሌላት አስቀድማ ተናገረች። ሕመሙ ምን እንደሆነ አላወቀችም። ግን የኖላዊትን ፊት አይታ አመነቻት። አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግማ ፈቃድ ጠየቀች። በመጨረሻው ጊዜ በመስታወቱ በኩል ተረኛውን ኃላፊ በድምፅ አገኘችው፤ ይህቺ ሴት የምሯን ነው፣ አንድ ሰው ይንካት አለችው። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠየቃት። ሁለት አለችው።

«‹እንግዲያው ቁጥሩን እመኚ› አለኝ» አለች ሊዲያ። ከዚያ ወደ ኖላዊት ዞረች። «እጄን ዘርግቼ ነበር። መብራቱ ቀይ ስለሆነ መለስኩት።»

አቶ ሮቤል ጥያቄ እንዳላቸው ተጠየቁ። ተነሡ። ኃላፊው ይህን ማለቱን ይክዱ እንደሆነ ብሌን ሲጠይቋቸው አልካዱም። ተቀመጡ። ዳኞቹ ለመምከር ወደ ውስጥ ገቡ።

በዚህ መሀል ነው በሩ ላይ ግርግር የተነሣው። ቤቴል የምትባል ሴት ባሏን በደህናው እጁ እየጎተተች በሰው መሀል ትጋፋለች። ባሏ ኢዮስያስ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ትልቅ፣ ዝምተኛ ሰው። ማለዳ ከደረጃ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ፣ በዚያው ማዕከል ጀሶ ተረጭቶለት አንባሩን እንዳጠለቀ ወደ ቤቱ ተልኳል። ቤት ቁጭ ብለው ችሎቱን በስክሪን ሲከታተሉ ሚስትየው ሐኪሙ የሚናገረውን ሰማች፤ ባሏን አየች፤ ከቤት እስከ አዳራሹ ስትሮጥ መጣች። ኢዮስያስ አፍሮ ነበር። በሰው ፊት መጎተቱ አሳፍሮታል።

«ደህና ነኝ እኮ፤ አንባሩ ሁለት ነው የሚለው» አላቸው ለከበቡት ሰዎች። ሲናገር ጥርሱን ነክሶ ነበር።

አቤኔዘር ፊቱን አየና ደነገጠ። ሊነካው እጁን አንሥቶ መለሰው። ሕጉ ገና አልተለወጠም፤ ከቀዶ ጥገና ክፍል ውጭ ያለ ፈቃድ ከነካ በዚያች ቅጽበት የሐኪምነት ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ምስክርነቱም ሊጣል ይችላል። ዓይኑ ኖላዊት ላይ አረፈ። እሷን የሚከለክል ሕግ የለም።

ኖላዊት ክራንቿን ጥላ አግዳሚው ላይ ከኢዮስያስ አጠገብ ተቀመጠች። ጣቶቹን ያዘች፤ በረዶ ናቸው። አቤኔዘር ሲመሰክር እንደሰማችው የመሀል ጣቱን ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሳበችው። ግዙፉ ሰውዬ እንደ ሕፃን ጮኸ። አንባሩ ግን አሁንም ሁለት ይላል።

«በቃኝ» አለ አቤኔዘር። ለሕጉ ይሁን ለራሱ ማን ያውቃል። ተንበርክኮ ክንዱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከጀሶው በላይና በታች ዳሰሰ፤ ጀሶው አሁኑኑ ይሰንጠቅ አለ። ያፌት ከአጫጆቹ አንዱ ቀበቶ ላይ የጀልባ ገመድ የሚቆርጡበትን መቀስ ነጥቆ ሰጠው። ሰውዬው እንዳይወራጭ ትከሻውን የሚይዝ ሰው ተፈለገ፤ ሮጠው መጥተው የያዙት አቶ ሮቤል ነበሩ። ጀሶው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። የኢዮስያስ ጣቶች ቀስ በቀስ ቀለም ያዙ።

«ሞቀኝ» አለ። ሚስቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ቀና ሲሉ ሦስቱ ዳኞች ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ ያወቀ የለም። ኢዮስያስ አቤኔዘርን ተከትሎ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሊወሰድ ነው፤ የአጫጆቹ መኪና በር ላይ ተነሥቶ ይጠብቃል። ዳኛ አርሴማ ወደ መቀመጫቸው ሲሄዱ ፍርዱ የተጻፈው ከመውጣታቸው በፊት መሆኑን ተናገሩ።

«ያየነው ነገር አላስወሰነንም፤ አቻኮለን እንጂ» አሉ።

ፍርዱን አነበቡ። ማዕከሉ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ችላ ብሏል፤ ጥፋት ነበር፤ ኖላዊት ደረበ ለሞተው ጡንቻዋ፣ ለቆመው ሥራዋና ወደፊት ለሚያስፈልጋት ሕክምና ሁሉ ሙሉ ካሳ ይገባታል። ሐኪሙም አስተናጋጇም ስለመሰከሩ አይነኩም፤ ሐኪሙ ዛሬ ሰው በመንካቱም ፈቃዱ አይሰረዝም ሲሉ አከሉ። ከዚያ ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው የመጨረሻዋን መስመር ወረቀት ሳያዩ ተናገሩ።

«በማንኛውም ማዕከል ያመኛል ያለ ሰው ይነካ።»

የዚያን ቀን ከአዳራሹ እስከ ወደቡ ያለው መንገድ በሰው ተሞላ። ጀልባዎቹ ሁሉ ጥሩንባቸውን ለቀቁት፤ ሐይቁ አስተጋባ። አጫጆቹ ኖላዊትን በትከሻቸው ተሸከሟት። ያፌት ሕዝቡ መሀል ሆኖ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ሲያለቅስ አየችው፤ ጠርታ እሱንም አጠገቧ በትከሻ እንዲያነሡት አደረገች። እንዳልተሳሳተች ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ በጩኸቱ ምክንያት የሰማችው ስሟን ብቻ ነው።

ኢዮስያስ እጁ ድኖ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። ኖላዊት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ አቤኔዘር የሚሠራውን ጅማት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዙሮ ሰፋላት። እግሯ ቀና አለ፤ ትንሽ ታነክሳለች። መንጃ ፈቃዷን ለማስመለስ ፈተና ገባች፤ ፈታኙ ከጀልባዋ ሲወርድ ፊቱ ገርጥቶ ስለ ፍጥነቷ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ አሳለፋት።

ፍርዱ ግን አንድ ያልታሰበ ችግር አመጣ። ይነካ ተብሏል፤ ከቀዶ ጥገና ክፍል ውጭ ግን መንካት የሚያውቅ ሐኪም የለም። አቤኔዘር በየከተማው ሆነው በመስታወት የሚያክሙትን ሐኪሞች ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ፤ የሚማሩበት ሰው ሲያጣ ኖላዊትን ጠየቃት። ደስ እያላት ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች፤ ጤነኛ እግሯን ዘረጋች። ነጭ ካባ የለበሱ ሐኪሞች ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ተማሪ ቆመዋል።

መጀመሪያ የተጠራው ፂሙ የሸበተ፣ ብዙ ዘመን የሠራ ሐኪም ነበር። ቀረበ፤ እጁን ዘረጋ፤ አየር ላይ አቆመው። ኖላዊት ጠበቀችው። በመጨረሻ የጣቶቹ ጫፎች ባቷ ላይ በጣም ቀስ ብለው አረፉ፤ ደንግጣ እግሯን ሰበሰበች።

«አመመሽ?» አላት ክው ብሎ።

«ኧረ ኮረኮርከኝ» አለች ኖላዊት እየሳቀች። እግሯን እንደገና ዘረጋችለት። «ጠበቅ አድርገህ ያዘው፤ ሰው ነው።»